ሦስት ምሳ ዕቃ ትሕትና

አቶ ናሆም ለእሑድ ምሳ አንድ የኩራት ሳህን ያዘዙት ከአሥር ቀን በፊት ነው። ኩራት እንደ ትዕግሥት ወይም እንደ ንቃት በየዕለቱ በመስኮት የሚላክ ምግብ አይደለም። ማመልከቻ ይጠይቃል፤ ማመልከቻው ላይ ደግሞ "ኩራቱ የተፈለገበት ምክንያት" የሚል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። አቶ ናሆም "ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው" ብለው ጻፉ። የሰፈሩ ማዕድ ቤትም ምክንያቱን በቂ ሆኖ ስላገኘው ሐምራዊ ክዳን ያለውን ሳህን ፈቀደላቸው።

በሁለት ሺህ ዘጠና አራት ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ለሴት ልጁ ሽማግሌ የሚመጣበት አባት ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኩራት በልቶ ፊቱን ያጨፈግግና "ዘመድ አዝማድ ላማክር" ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። በሁለተኛው ቀን ነጭ ክዳን ያለውን የእሺታ ሳህን በልቶ እሺ ይላል። ሽማግሌዎቹ በበኩላቸው ሁለቱንም ቀን ትሕትና በልተው ይመጣሉ። በዚህ ዓይነት በከተማው ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል አንድም ሽምግልና ተበላሽቶ አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በሾፌሮች ነበር። አቶ ናሆም ጎረምሳ ሳሉ አንድ ሰሞን የከተማ አውቶቡስ ሾፌሮች ጠዋት ጠዋት ተልባ፣ ዱባና አንድ ስሙ የማይያዝ ቅጠል ያለበት ገንፎ በልተው እንዲወጡ ተደረገ፤ በወሩ ጥሩምባ የሚነፋ ጠፋ። ከዚያ ዳኞች ተጨመሩ፤ ከዚያ ነርሶች፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ቤት የሚኖሩ ምራትና አማት። ቀስ እያለ ሁሉም ሰው ወጥ ቤቱን ዘግቶ በምትኩ ግድግዳው ላይ አንድ መስኮት አስከፈተ። ሰው ጠዋት ሲነሳ የእጁ አምባር ስሜቱን ይለካል፤ ማዕድ ቤቱ የጎደለውን አይቶ ሳህን ይልካል። መጣላት የፈለገም አልተከለከለም። የቁጣ ሳህን ከሁለት ምስክር ጋር ይጠየቃል፤ በስድስት የሥራ ቀን ውስጥ ይደርሳል። አብዛኛው አመልካች ሳህኑ እስኪደርስ ድረስ የተጣላበትን ነገር ስለሚረሳው ክዳኑን ሳይከፍት ይመልሰዋል።

አቶ ናሆም አሳንሰር ጠጋኝ ናቸው። በዚያ ዘመን አዛውንቱ ሁሉ ናሆም፣ ኢዮስያስ፣ ማቲያስ ይባላል፤ እነዚህ ያረጁ ስሞች ናቸው። ለልጅ የሚወጣው እንደ አመለወርቅና እንደ ቢተው ያለ ዘመናዊ ስም ነው። አመለወርቅ የአቶ ናሆም አንድያ ልጅ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በሰፈሩ ማዕድ ቤት ሳህን ቀማሚ ሆና ትሠራለች። ቢተው ጦሳ ተራራ ላይ የነፋስ ተርባይኖችን የሚጠብቅ ዝምተኛ ልጅ ሲሆን ሽማግሌ የላከው እሱ ነው። እናቷ ወይዘሮ ኤልዳና ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ያኔ ማዕድ ቤቱ ለአቶ ናሆም ግራጫ ክዳን ያለው የማጽናኛ ሳህን ላከላቸው፤ ለስላሳ የምስር ክክ ነው፤ ከሥሩ አንድ ጣፋጭ ነገር አለበት። ቀምሰው ተጽናኑ። በማግሥቱም ቀምሰው ተጽናኑ። ከዚያ ወዲህ ያልተጽናኑበት ቀን የለም።

እሑድ ልክ በስድስት ሰዓት የኩራቱ ሳህን በመስኮቱ ብቅ አለ። የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ለሰባት ሰዓት ነው። አቶ ናሆም ኮታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠው ክዳኑን ከፈቱ። ሽሮ ነው፤ ወፈር ያለ፤ ዳር ዳሩን ቃሪያ የተደረደረበት። ኩራት እንዲህ ያለ ተራ ነገር መሆኑ ገረማቸው። እጃቸውን ታጥበው ገና ሊቆርሱ ሲሉ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ሽማግሌዎቹ አንድ ሰዓት ቀድመው ነበር የመጡት። ጥፋት አይደለም፤ ሽማግሌ አባትየው ሳይወጣ ለመያዝ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል። ሐሳባቸው ትሕትናቸውን ደጃፉ ላይ ቆመው በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው ሊያንኳኩ ነበር። ነገር ግን የአሳንሰር ጠጋኝ የሚኖርበት ሕንፃ አሳንሰር ከተበላሸ ዓመታት አልፈውታልና ዘጠኝ ፎቅ በእግራቸው ወጡ። ሲደርሱ መሪያቸው ጋሽ ኢዮስያስ ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ በሩን ደገፍ አሉ። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ሦስቱም ያልተከፈተ ምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ ሳሎኑ ውስጥ ተገኙ።

"እንብላ!" አሉ አቶ ናሆም።

ቃሉ ሲወጣ ራሳቸውም ደነገጡ። በየኮሪደሩ "ሳህንዎን ለሌላ አያካፍሉ" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በቀን አሥር ጊዜ ያነቡታል። ግን ማዕድ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው በሩ ሲከፈት ሌላ ምን ይላል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

"ይብሉ፣ ይብሉ፤ እኛ ጠግበናል" አሉ ጋሽ ኢዮስያስ፣ ሆዳቸው እየጮኸ።

"በሞቴ!"

"ኧረ ይቅደሙ እርስዎ።"

"እንግዳ ቆሞ እኔ ልበላ? አፈር ስሆን ቅመሱልኝ!"

ሦስት ጊዜ ተለምኖ በአራተኛው እምቢ የሚል ሰው ደሴ አላፈራችም። ጋሽ ኢዮስያስ ተቀመጡና ቆረሱ። ሁለቱ ባልደረቦቻቸውም ሰው እንዳይከፋው ያህል ከዳር ከዳሩ ቀማመሱ። ከዚያ ጋሽ ኢዮስያስ የአቶ ናሆም እጅ ባዶ መሆኑን አዩና አፈሩ። "እንግዲያው የኛንም ይቅመሱልን" ብለው ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው አቀረቡ። አቶ ናሆም የእንግዳ ነገር ሆኖባቸው ጥርግ አድርገው በሉ። ይሄኔ ሁለተኛው ሽማግሌ "የኔንስ ምነው ናቁት?" ብለው የራሳቸውን ከፈቱ። ሦስተኛውም ቅር ሊላቸው ሆነ። ማንንም ማስቀየም አይገባምና አቶ ናሆም ሦስት ምሳ ዕቃ ሙሉ ትሕትና እስከ ታችኛው ፍርፋሪ ድረስ ጨረሱ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ስለ ዝናብ አወሩ። ከዚያ ጋሽ ኢዮስያስ ወንበሩ ላይ ወደኋላ ተንፈላሰሱና እግራቸውን አነባበሩ።

"ለመሆኑ" አሉ ጣራውን እያዩ፣ "ልጅቷ ምን ትሠራለች?"

"ቀማሚ ናት ጌታዬ" አሉ አቶ ናሆም። ከወንበራቸው ተነስተው ነበር፤ መቀመጥ ድፍረት መስሎ ተሰማቸው። "የማትረባ ሥራ ናት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ቁመቷስ?"

"አጭር ናት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"የኛ ልጅ እንኳ" አሉ ጋሽ ኢዮስያስ፣ "እንደምታውቁት ተራራ ላይ የሚውል ሰው ነው። ከላይ ሆኖ ነው ከተማውን የሚያየው። እንዲያው በሩ ላይ የተገኘውን ሁሉ አያገባም።"

ሁለቱ ባልደረቦቻቸው የበሉት ጥቂት ስለነበር ኩራታቸው መለስተኛ ነው፤ "እህ" እያሉ ብቻ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አቶ ናሆም ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብለው የጋሽ ኢዮስያስን ጉልበት ያዙ።

"አፈር ልሁንላችሁ፣ ውሰዱልኝ! ድሃ ነኝ፤ ምንም የለኝም፤ ይህቺን ልጅ ብቻ ተቀበሉኝ!"

ጋሽ ኢዮስያስ ተነሱ። "ዘመድ አዝማድ እናማክርበታለን" አሉ። "ሐሙስ በዚሁ ሰዓት እንመጣ ይሆናል፤ ላንመጣም እንችላለን።" ወጡ። አቶ ናሆም "እንዳትጠፉብኝ!" እያሉ እስከ ሰባተኛው ፎቅ ድረስ ተከትለው ሸኟቸው።

ሲመለሱ አመለወርቅ ሳሎኑ መሀል ቆማ ሦስቱን ባዶ ምሳ ዕቃ ታሸትት ነበር። ሽማግሌ ፊት ሙሽሪት አትታይምና ጓዳ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች።

"ስንቱን በላኸው?" አለች።

"ሦስቱንም፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።"

"ይሄን ትሕትና እኮ ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ የቀመምኩት! ሽማግሌዎቹ እንዲለማመጡህ ብዬ አብሽ ጨምሬ፣ ተጨንቄ! ጭራሽ በገዛ እጄ አባቴን አንበርክኬ ራሴን አስለመንኩት?"

"ልክ ነሽ። ምን ጊዜም ልክ ነሽ።"

"ዝም በል እስኪለቅህ!"

ትሕትናው የለቀቃቸው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ጋሽ ኢዮስያስም በዚያው ሰዓት ኩራቱ ለቋቸው ስልክ ደወሉ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው እንደሚመርጡ ተናግረው፣ ሐሙስ በወጉ ትሕትና በልተው እንደሚመጡ በልጆቻቸው ማሉ። አቶ ናሆም ስልኩን ዘግተው እፎይ አሉ። ለእሳቸው ነገሩ ያለቀ መሰላቸው።

"እንግዲህ ሐሙስ የእሺታ ሳህን አዝዛለሁ" አሉ። "ነጩን። ያልቃል።"

አመለወርቅ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። "አባዬ፣ ቢተውን ትወደዋለህ?"

አቶ ናሆም አሰቡ። ቢተው ሁለቴ ሻይ ጠጥቶ ሄዷል። ሁለቱንም ቀን ተጽናንተው ነበር። "ምን ያስጠላል?" አሉ።

"እኔ ስሄድስ? ምን ትሆናለህ?"

"ምንም አልሆንም። ማዕድ ቤቱ አለ።"

ልጅቷ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ስትናገር ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። "እማዬ ከሞተች ወዲህ ተቆጥተኸኝ አታውቅም። አኩርፈህ አታውቅም። ከሥራ አምሽቼ ስመጣ እንኳ የት ነበርሽ አላልከኝም። እኔ ቀማሚ ነኝ፤ የሰውን እሺ ከየትኛው ማሰሮ እንደሚወጣ አውቃለሁ። የገዛ አባቴን እሺ በእጄ አብስዬ፣ በሳህን ልኬ፣ መልሼ 'ተፈቀደልኝ' ብዬ ልሄድ አልችልም። እስከ ሐሙስ ሳህን አትብላ። አዎም ይሁን እምቢም፣ ያንተ ይሁን። አለዚያ አላገባም።"

"ታዲያ ምን ልበላ?"

"ድንች።"

ድንች ስሜት የለውም፤ ይህን ማንኛውም ቀማሚ በመጀመሪያው ሳምንት ይማራል። ተቀቅሎ ቢበሉት ሰውየውን እንዳገኘው ትቶት ይሄዳል። አመለወርቅ ከማዕድ ቤቱ መጋዘን አንድ ፌስታል ሙሉ ከአንዲት ትንሽ ምድጃ ጋር አመጣች።

ሰኞ ምንም አልሆነም። አቶ ናሆም ድንቻቸውን በሉ፤ ሁለት አሳንሰር ጠገኑ፤ ትንሽ ራሳቸውን አመማቸው። ግራጫው ሳህን በመስኮቱ መጥቶ ሳይነካ ተመለሰ።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ሊሄዱ ሲወርዱ ስምንተኛው ፎቅ ላይ እንቅፋት መታቸው። ጎረቤታቸው አቶ ማቲያስ ደረጃው ላይ ስድስት ጥንድ ጫማ ይደረድራሉ፤ ሲደረድሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። አቶ ናሆም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጫማዎቹን በፍቅር እየተሻገሩ ኖረዋል። ያን ቀን ግን አንድ ትኩስ ነገር ከእምብርታቸው ተነስቶ ጆሯቸው ድረስ ወጣ።

"ማቲያስ! ጫማህን አንሳ! ደረጃው ያባትህ ነው?"

አቶ ማቲያስ በቢጃማ ብቅ አሉ። ቁርሳቸው ባለ ሰማያዊ ክዳን ትዕግሥት ነበር። "ናሆም!" አሉ በአድናቆት። "እንዴት ያምርብሃል! መቼ አመለከትክ?"

"አላመለከትኩም!"

"ያለ ማመልከቻ? እንዲያው ከራስህ?" አቶ ማቲያስ ቀረብ ብለው የጎረቤታቸውን ፊት እንደ ሥዕል አዩት። "አየህ፣ እኔም መልስ ብሰጥህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ዛሬ ትዕግሥት ነኝ። አሁኑኑ ባመለክት ለመጪው ማክሰኞ ይደርስልኛል። ትጠብቀኛለህ?"

አቶ ናሆም አንዱን ጫማ በእግራቸው ጠልዘው ወረዱ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አላቸው።

ማታ ለልጃቸው ሲነግሯት ሳቀች። ከዚያ ድንቹ ላይ ጨው ሲነሰንሱ አየቻቸው።

"ጨው አይቻልም!"

"ጨው ደግሞ ምን ስሜት አለው?"

"አለው። ትንሽ ተስፋ።"

"ተስፋ ምን ይጎዳል? ሁለት ቀን አልጫ ድንች ስታበይኝ!"

"አባዬ፣ ጨዋታ አይደለም!"

"እኔስ መቼ ተጫወትኩ? ይሄ ቤት የማን ነው?" አቶ ናሆም ሳህኑን ገፍተው አኮረፉ። አመለወርቅም አኮረፈች። ግማሽ ሰዓት ያህል ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ተቀመጡ። ከዚያ እሷ ተነስታ፣ ምንም ሳትል፣ ቁንጥር ጨው ድንቻቸው ላይ ጣል አደረገች። አቶ ናሆም እንደዚያ ድንች የጣመኝ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል ቢሉ ውሸት ነው።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ፒያሳ አጠገብ ባለ ሕንፃ ውስጥ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል የቆመ አሳንሰር ሲጠግኑ ኤልዳና ትዝ አለቻቸው። ሚስታቸው አሳንሰር ትፈራ ነበር። አሳንሰር ጠጋኝ አግብታ ሃያ ዓመት በደረጃ ወጣች። ታዲያ አቶ ናሆም በአዲስ ተጋቢነታቸው ወራት እሷ በደረጃ ስትወጣ እሳቸው በአሳንሰር አብረዋት ይወጡ ነበር፤ በየፎቁ እያቆሙ በሩን ይከፍቱና "እመቤቴ፣ እንደምን ዋልሽ?" ይሏታል። ዘጠኝ ፎቅ፣ ዘጠኝ ሰላምታ። እሷም በየፎቁ እንዳላየች ትሆናለች፤ ዘጠነኛው ላይ ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት ደረጃው ላይ ትቀመጣለች።

አቶ ናሆም የጨበጡትን ብሎን ኪሳቸው ከተቱና አሳንሰሩ ወለል ላይ ተቀምጠው ተንሰቀሰቁ። ያላለቀሱት የዘጠኝ ዓመት ነው፤ ቶሎ የሚያልቅ አልነበረም። ሆድ ካገር ይሰፋል የሚባለው እውነት ነው፤ ይህ ሁሉ የት ተቀምጦ እንደነበር ራሳቸውም ገረማቸው።

አምባራቸው ጮኸ። በሩብ ሰዓት ውስጥ አንዲት ወጣት የስሜት ተቆጣጣሪ መጥታ፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ ተንበርክካ፣ በግማሽ በተከፈተው በር ቁልቁል አየቻቸው። ይታይሽ ትባላለች፤ ቅጽ ይዛለች።

"ምን ይሰማዎታል?" አለች።

"ድንች ሰለቸኝ።"

"መሰልቸት" ብላ ጻፈች። "ሌላስ?"

"ሚስቴ ናፈቀችኝ።"

"የት ሄደው ነው?"

"ሞታለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።"

ይታይሽ ቅጹን ገለባበጠች። ለዘጠኝ ዓመት የሚሆን ሳጥን አልነበረም። "ዘግይተዋል" አለች በመጨረሻ። መዝገቡን ስታየው ፊቷ ተለወጠ። "የማጽናኛው ሳህን እኮ የተፈቀደልዎት ለአርባ ቀን ብቻ ነው። ሲያበቃ የሚዘጋው ሰው ሳይዘጋው ቀርቶ ነው እንጂ... ቅሬታ ማስገባት ይችላሉ። ቁጣ ሲፈልጉ ደግሞ ያለ ምስክር ይሰጥዎታል።"

"ቁጣ አያስፈልገኝም" አሉ አቶ ናሆም አፍንጫቸውን እየጠረጉ። "እሱስ አለኝ።"

ልጅቷ ለመሄድ ተነስታ ቆም አለች። "ያማል?" ብላ ጠየቀች። ይህ ጥያቄ ቅጹ ላይ አልነበረም።

"በጣም ያማል። ነይ ውረጂና መብራቱን ያዢልኝ፤ ብሎኑ አይታየኝም።"

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌዎቹ አንኳኩ። በዚህኛው ቀን ትሕትናቸውን ስምንተኛው ፎቅ ላይ፣ በአቶ ማቲያስ ጫማዎች መካከል ቆመው፣ አንዲት ፍርፋሪ ሳያስተርፉ በልተዋል። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉም "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው በሩ አጠገብ ተደርድረው ቆሙ። አመለወርቅ ጓዳ ናት፤ በሩ አንዲት ጣት ያህል ክፍት ነበር።

"ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። "የእሑዱን እንደ ጥፋታችን ሳይሆን እንደ ደግነትዎ ይቁጠሩልን።"

አቶ ናሆም አዩአቸው። ጠዋት አንድ ድንች በልተዋል። ሊናገሩ ያዘጋጁት ነገር ነበር፤ "ልጁ ጨዋ ነው" የሚል። አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"አልሰጥም።"

ሽማግሌዎቹ በደስታ ተያዩ። "ደግ ነው!" አሉ ሁለተኛው። "ወግ ያለው አባት እንዲህ ነው።"

"ከምሬ ነው።"

"እሱማ ነው እንጂ። ልጅን ያህል ነገር!"

"ልጄን አልሰጥም ስላችሁ! አማርኛ አትሰሙም?"

"እንዴት ያለ ወግ አዋቂ!" አሉ ሦስተኛው፣ ሆዳቸው ባብቶ። "እንዲህ ያለ አባት ዛሬ የት ይገኛል?"

የጓዳው በር ተከፈተና አመለወርቅ ወጣች። ሙሽሪት ሽማግሌ ፊት መውጣቷ ነውር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን በትሕትና ላይ ነበሩና ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ወለል ወለሉን አዩ።

"አባዬ፣ ከምርህ ነው?" አለች።

"ከምሬ ነው።"

"ቢተው ምን አደረገ?"

"ቢተውማ ምን ይወጣለታል? ከኔ የተሻለ ነው።"

"ታዲያ ለምን?"

አቶ ናሆም ተነሱ፤ ደግሞ ተቀመጡ። "ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቤት አብረሽኝ ኖርሽ፤ እኔ አልነበርኩም። ስትመረቂ አጨብጭቤያለሁ፤ ምን እንደተሰማኝ ግን አላውቅም። እናትሽን እንኳ የቀበርኳት ትናንት ነው። ከልጄ ጋር ስጨቃጨቅ ገና ሁለት ቀኔ ነው። እኔ ሰኞ መጥቼ አንቺ ሐሙስ ትሄጃለሽ?"

አመለወርቅ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። እጃቸው ግራሶ ግራሶ ይሸታል።

"እና እምቢ ነው?" አለች በጣም ቀስ ብላ። "እምቢ ካልክ እምቢ ነው። ቃሌ ነው።"

አቶ ናሆም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ያቺን አንዲት ቃል ከየት እንደሚያመጧት አያውቁም ነበር፤ ክዳን ከፍተው አያገኟትም። "አይደለም" አሉ። "እሺ ነው። ሂጂ። ደስ ብሎኝ ግን አይደለም። እንዲያውም በጣም ከፍቶኛል። ይሄ ሁሉ የኔ ነው፤ እሺውም፣ መከፋቱም።" ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ሰጥቻለሁ።"

የደስታ እልልታ አልተሰማም። ጋሽ ኢዮስያስ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያገላብጡ ነበር። ምናልባት ትሕትናው ይሆናል፤ ምናልባትም ሌላ።

"እኔ ሦስት ሴት ልጅ ድሬያለሁ" አሉ። "ሦስቴም ነጩን በልቼ እሺ ብያለሁ። የሰጣቸው ሳህኑ ነው። እኔ እስካሁን አንዳቸውንም አልሰጠሁም።"

ይህን ሲሰሙ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ወደ መስኮቱ ዞረው የጦሳን ጭጋግ ማየት ጀመሩ። አመለወርቅ ግን የሰማች አትመስልም። አባቷን ታያለች። ለዓመታት የተመኘችው ነገር እጇ ገብቷል፤ የምትሄድበት ቀን እውነት ሆነባት። ጠዋት የበላችው ብሩህ ተስፋ ነበር፤ ራሷ የቀመመችው፤ ምንም አልረዳትም።

"አባዬ... ትንሽ ልቆይ? አንድ ዓመት ብቻ?"

አቶ ናሆም እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ቀና አሉ። "ምን አልሽ? ሽማግሌ ፊት ሰጥቻለሁ ብዬ?"

"አልፈልግም ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?"

"አልፈልግም! ግን ትሄጃለሽ።"

"አልሄድም! አንተን ማን ያይሃል? ድንች እንኳ መቀቀል አትችል!"

"እኔ? እናትሽ ስታረግዝሽ ዘጠኝ ወር ማን ያበሰለ ይመስልሻል?"

"እማዬ ስታረግዘኝ ያበሰለው ማዕድ ቤቱ ነው!"

"እየዋሸህ ነው በይኛ! በይኝ እስቲ!"

ጋሽ ኢዮስያስ ባርኔጣቸውን አደረጉና ሁለቱን ባልደረቦቻቸውን በክንዳቸው ያዝ ያዝ አድርገው ወደ ደጅ መሯቸው። "ኑ እባካችሁ፣ ኮሪደሩ ላይ እንቁም" አሉ። "የዘጠኝ ዓመት ጭቅጭቅ ነው፤ ቶሎ አያልቅላቸውም።" በሩንም ከኋላቸው ቀስ ብለው ዘጉት።